ያልቈጠርኸውን አትጻፍ

ሰው በተወለደ ቀን በሌላ ሰው እጅ ይታጠባል፤ በሞተም ቀን በሌላ ሰው እጅ ይታጠባል። በነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ግን ጤና እስካለው ድረስ ፊቱን በገዛ እጁ እየታጠበ፥ እንጀራውንም በገዛ እጁ እየቈረሰ ስለሚኖር የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልገው አይመስለውም። በሽታ መጥቶ ከአልጋ ላይ ሲጥለው ነው እንደ ሕፃንነቱ ጊዜ የሚያጥበው፥ የሚያጐርሰውና የሚያገላብጠው ሰው እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ልጁ ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ ለሕክምና ሙያ ሥልጠና ተመርጦ ነበር። ለዕረፍት ወደ ደብረ ሲና በመጣ ጊዜ ፊቱ ጠቍሮ አገኘሁትና «ምነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ቍስል ማከም፥ መርፌ መውጋት ያስተምሩኛል ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን የሚያስተምሩኝ አልጋ ማንጠፍና ፖፖ መድፋት ሆነ» አለኝ። እኔም ሣቅሁ። የሣቅሁት በእርሱ አልነበረም፤ ከአምሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ይህንኑ ቃል ስለ ተናገርሁ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት ነበርና ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጠን ያጫወትሁትን ነገር እነሆ ለእርሱም ለእኩዮቹም እንዲሆን ጻፍሁት።

እኔ ወደ ሠራዊቱ የገባሁት በ1964 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ፊደል የቈጠርሁ ስለ ነበርሁ በዚያ ዘመን ድሬሰር ለሚባለው ሥራ እንድሠለጥን አዘዙኝ። አስተማሪያችን ሸበቶ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩን አንሶላ አለመጨማደድን፥ በሁለተኛው ቀን የበሽተኛ ገላ ማጠብን፥ በሦስተኛው ቀን ፖፖ ማቅረብን ነበር። እኔም በልቤ «ጠመንጃ ሊያሸክመኝ የመጣሁበት ቤት የሴት ሥራ አሸከመኝ» እያልሁ አጕረመረምሁ።

ይህ ክፉ አሳብ ከኔ የጀመረ አይደለም። በአገራችን በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ ከጥንት የቈየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ሠራተኛውን በሥራው እንዳይሰድብ በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ብረት ቀጥቃጩም ሸማኔውም በሙያው ይነወር ነበር። ዐዋጁ አፍን ይዘጋ ይሆናል እንጂ ልብን ወዲያው አያጸዳምና በኔ በጐልማሳው ልብ ውስጥ ያ ንቀት እንደ ተቀመጠ ነበር።

የማጕረምረሜን ነገር ሃምሳ አለቃው ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን ጠሩኝና ስለ ልዕልት ፀሐይ ነገሩኝ። ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ከአባታቸው ጋር ተሰደው በለንደን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። የንጉሥ ልጅ መሆናቸው የነርስን ሥራ ከመሥራት አላገዳቸውም። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ከተማ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ተከፈተ፤ በኋላም ለሠራዊቱ ተሰጥቶ ዛሬ ጦር ኃይሎች እየተባለ ይጠራል። ሃምሳ አለቃውም «የንጉሥ ልጅ ያልናቀችውን ሥራ አንተ የደብረ ሲናው ልጅ ናቅኸው?» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልሁ። ነገር ግን እፍረት ብቻውን ሰውን አያስተምርም፤ እኔንም ያስተማረኝ ከዚያ የከፋ ነገር ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወታደር ጭኖ ከጣርማ በር ቍልቍል ሲወርድ የነበረ ካሚዮን ተገለበጠ። ከተጐዱት አንዱ፥ እኔ ወደምሠራበት ሐኪም ቤት የመጣው፥ የአገሬ የደብረ ሲና ልጅ ሆኖ ተገኘ። በግራ ጐኑ ተመትቶ ነበር። ሐኪሙ ከመረመሩት በኋላ «ምናልባት ጣፊያው ተጐድቶ ይሆናል። ጣፊያ የተጐዳ ሰው ውጪው ደኅና መስሎ ሳለ በሆዱ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ እስኪነጋ ድረስ በየሰዓቱ የልብ ትርታውንና የደም ግፊቱን ለክተህ ጻፍ» ብለው ለኔ ለተረኛው አዘዙኝ። እናቱ የልጃቸውን መጐዳት ሰምተው ከደብረ ሲና ድረስ መጥተው ስለ ነበረ፥ ሐኪሙ አዝነውላቸው ሌሊቱን በአልጋው ግርጌ እንዲያድሩ ፈቀዱላቸው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የልብ ትርታውን ቈጠርሁ፤ 84 ነበረ፤ ጻፍሁ። በ8 ሰዓት ግን ብርዱም እንቅልፉም አሸነፈኝ። ከወንበሬ ላይ ሆኜ ባየው ጸጥ ብሎ ተኝቷል። «ምን ይለወጣል» ብዬ ሳልነሣ 84 ብዬ ጻፍሁ። በ9 ሰዓት ደግሞ አንድ ዐይነት ቍጥር ሦስት ጊዜ ቢታይ ያስጠረጥራል ብዬ 86 ብዬ ጻፍሁ። ወጣቶች ሆይ፥ ይህችን ነገር አስተውሉልኝ። በ8 ሰዓት የሠራሁት ስንፍና ነው ቢባል፥ በ9 ሰዓት የሠራሁት ግን ሐሰቴ እውነት እንዲመስል ማስጌጥ ነበር። ስንፍና ብቻውን ብዙ መንገድ አይሄድም፤ ውሸትን ምርኵዝ አድርጎ ነው ሩቅ የሚደርስ።

10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እናቲቱ «ልጄ! ልጄ! እግሩ በረዶ ሆነብኝ» ብለው ጮኹ። ዘልዬ ብነሣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ትርታውን ብቈጥረው 132 ሆነ፤ የደም ግፊቱም ወርዷል። ሐኪሙ ተጠርተው መጡና አስቀድመው ያነሡት ወረቀቱን ነበር። «በ9 ሰዓት 86፥ አሁን 132። ይህ ድንገተኛ ነገር ነው። ደሙ ሲፈስ ቢያድር ኖሮ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ይታይ ነበር፤ ምናልባት ሌላ ምክንያት ይሆናል» አሉና ቆም ብለው አሰቡ። ከዚያም ወደኔ ዘወር ብለው «ይህን የቈጠርኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

እናቲቱ ያዩኛል። ባልደረቦቼ ያዩኛል። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። አዎን ብል ማንም የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ አዎን ብል ግን ሐኪሙ የሌለውን ምክንያት ሲፈልጉ ልጁ ደሙ አልቆ ይሞታል። «አልቈጠርሁም ጌታዬ፤ ከ7 ሰዓት ወዲህ ያለው ሐሰት ነው» አልሁ። ሐኪሙ አንዲት ቃል እንኳን አልተናገሩኝም። ወረቀቱን ጥለው «ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውሰዱት» አሉ። ሆዱ ሲከፈት ጣፊያው ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ጣፊያውን አወጡለት፤ ልጁም ዳነ። በማግሥቱ እናቲቱ አብሬ የደከምሁላቸው መስሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» ብለው እጄን ይዘው ሳሙት። እስከ ዛሬ ድረስ ከታሰርሁበት ከሰባቱ ቀን እስራት ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያ መሳም ነው።

ከእስራት ስወጣ ሃምሳ አለቃው አንድ ወር ሙሉ አልጋ ከማንጠፍና ከማጠብ በቀር ሌላ ሥራ እንዳልሠራ አዘዙ። እውነተኛው ትምህርቴ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። አንሶላ የሚወጠረው ለውበት አለመሆኑን አወቅሁ፤ መንቀሳቀስ በማይችል ሰው ገላ ሥር አንዲት የጨርቅ እጥፋት ሥጋ ታቈስላለች። እንዲህ ያለውን በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጡት ተረከዙ፥ ዳሌው፥ የጅራቱ አጥንት ያለበት ቦታና የራሱ ኋላ ይቈስላል። የቍስሉ መጀመሪያ በጣት ሲጫኑት የማይለቅ ቅላት ነው፤ በጥቍር ገላ ላይ ግን ቅላቱ ስለማይታይ ጠቈር ያለውን፥ የሞቀውን ወይም የጠጠረውን ቦታ በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ያስፈልጋል። ገላ ሲታጠብ ከፊት ይጀመራል፤ ዐይን ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጪ ይጠረጋል፤ ውሃው ይለወጣል፤ የሚታጠበው ቦታ ብቻ ተገልጦ ሌላው ተሸፍኖ ይቈያል፤ በሽተኛ ሰውነቱ ቢደክም ክብሩ አልደከመምና። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አይሰጥም፤ አፉ የሚጠረገውም በጐኑ አስተኝቶ ነው። የሚበላውም ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ የፊተኛውን ጕርሻ ሳይውጥ ሁለተኛው አይሰጠውም። የጠጣው ውሃና የሸናው ሽንት ተለክቶ ይጻፋል። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲታለፍ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቈጠራል፤ የደኅና ጐልማሳ ትርታ ዐርፎ ሳለ ከ60 እስከ 100 ነው። ትንፋሹም በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይሆናል። ትንፋሽ ግን በሽተኛው ሳያውቅ ነው የሚቈጠር፤ እንደሚቈጠርበት ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና። ስለዚህ ትርታ የሚቈጥር መስለህ እጁን እንደ ያዝህ ደረቱን ታያለህ።

ስለ ቍጥር ከተነሣ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት 38 ሴቶች አስከትላ በክራይሚያ ጦርነት የቈሰሉትን ወታደሮች ለማስታመም ወደ ስኩታሪ ሄዳ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት በሌሊት በያዘችው ፋኖስ ነው። ነገር ግን ከፋኖሱ ይልቅ ብዙ ሰው ያዳነው ቍጥሯ ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም። የሞቱትን ወታደሮች በየምክንያታቸው ለይታ በ1858 ባሳተመችው ሥዕል፥ የሚበዙት የሞቱት ጥይት መትቷቸው ሳይሆን ንጽሕና በጐደለበት ስፍራ በተያዙት በሽታ መሆኑን ለመንግሥቷ አሳየች። ቍጥሯ እንደኔ ቍጥር በወንበር ላይ የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ ፋኖሱ ምን ያበራ ነበር?

ስምንት ዓመት አለፈ። ለዕረፍት ወደ ደብረ ሲና በመጣሁ ጊዜ የእናቲቱን ቤት ጠይቄ ሄድሁ። ልጃቸው ድኖ፥ አግብቶ፥ ልጆች ወልዷል። ቡና አፍልተው ካጠጡኝ በኋላ «እናቴ፥ የምነግርዎት ነገር አለኝ» ብዬ የዚያን ሌሊት ነገር ሁሉ፥ 86ን እንኳን ሳላስቀር፥ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥

«እኔስ የነቃሁ መስሎህ ነው?» አሉኝ። «እኔም እኮ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር። እጄን ግን ከእግሩ ላይ አላነሣሁም፤ እግሩ ሲቀዘቅዝብኝ ባነንሁ።»

ያን ቃል ይዤ ወጣሁ። ብዙ ዘመንም አሰብሁበት። የእናት ፍቅር ተኝቶም ይጠብቃል። እኔ ግን ለማላውቀው ወታደር ሁሉ ያን የመሰለ ፍቅር ሊኖረኝ አይችልም፤ ለማንም ሰው ሊኖረው አይችልም። እናቱ በሩቅ አገር ላለችው ወታደር፥ ተረኛው እንደ እናቱ እንዲሆንለት ሥርዓት ተሠራለት። በየሰዓቱ ቍጠር፥ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጥ፥ እጅህን ታጠብ፥ ያየኸውን ጻፍ የሚለው ትእዛዝ እናቱ ላልሆንነው ለኛ የተሰጠን እጅ ነው። ያን እጅ ከበሽተኛው እግር ላይ ማንሣት ማለት ሳይቈጥሩ መጻፍ ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ነግሬው ስጨርስ እጄን ያዘና ሰዓቱን እያየ የኔን ትርታ ቈጠረ። ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ቈጥሮ በሁለት ሊያባዛ ሲል፥ «አይሆንም፤ የሽማግሌ ልብ አንዳንድ ጊዜ ትዘላለች፤ ደቂቃውን ጨርስ» አልሁት። እንደ ገና ከመጀመሪያው ቈጠረ። በማግሥቱ ጧት ገና ጉሙ ሳይገለጥ ወደ ማሠልጠኛው ለመመለስ በአውቶቡስ ተሳፍሮ የጣርማ በርን አቀበት ወጣ።

እናንተም ወጣቶች፥ ሁላችሁ የሠራዊት ሐኪም አትሆኑም። ነገር ግን ሁላችሁም አንድ ቀን ማንም በማያያችሁ ሰዓት፥ በአንድ ወረቀት ፊት፥ ብርዕ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። መጋዘን ጠባቂው የእህሉን ልክ፥ አስተማሪው የተማሪውን ማርክ፥ መሐንዲሱ የድልድዩን ስፋት ይጽፋል። በዚያ ወረቀት የሚታመን ሌላ ሰው በሌላ ስፍራ ተኝቶ እንዳለ አስቡ። ከወንበራችሁም ተነሡና ቍጠሩ፤ ያልቈጠራችሁትንም አትጻፉ።