አምስቱ ጥቁር ቁልፎች
ፒያኖን በጆሮ ለመጫወት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የምዕራባውያኑን ሰባት ድምፆች ማጥናት ይገባዋል የሚለው ምክር፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ ተቀምጦ ከጎረቤት ቤት የሱዳናዊውን ድምፃዊ የመሐመድ ወርዲን ዜማ፣ ከገዛ ስልኩም ትዝታን እያፈራረቀ ለሚሰማ እንደ እኔ ላለ ኢትዮጵያዊ እምብዛም የሚስማማ አይመስለኝም፤ የሁለቱም አገር ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የጸና ነውና።

በኪቦርዱ ላይ ያሉት አምስት ጥቁር ቁልፎች፣ ከሦስቱ ተጎራባቾች በግራ ካለው ሲጀምሯቸው ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት ያለ አንዳች ጭማሪ ይሰጣሉ፤ እነዚያኑ ከሁለቱ ተጎራባቾች በቀኝ ካለው ቢጀምሯቸው ግን ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ድምፁ ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዘፋኙ ሐረጉን ፈጽሞ የሚያርፍበትን ድምፅ አስቀድሞ ማንጎራጎር ጣትን ከብዙ መንከራተት ያድናል።

ትዝታ ማይነር ሲመጣ ከትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ወደ ነጮቹ ቁልፎች ይወርዳሉ፤ ሐዘኑም ወዲያው ይሰማል። አንቺ ሆዬ ግን ከዚህ ሥርዓት እጅግ ስለሚርቅ ለጊዜው ትቼዋለሁ።