እንግዳ መቀበል እንጀራ ሲሆን

"የመጋቢ ሚስት ከቱሪስት ጋር ምን አላት?" የሚለውን ጥያቄ ባለፉት ዓመታት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንዳንዱ በቀልድ፣ አንዳንዱ በቅን ልብ፣ አንዳንዱም እኔ በሌለሁበት ይጠይቃል። በየአጥቢያው ያሉ ብዙ እህቶች አነስተኛ ሥራ ለመጀመር እያሰቡ "ከቤትና ከአገልግሎት ጋር አብሮ ይሄዳል ወይ?" በማለት እንደሚጨነቁም አውቃለሁ። ስለዚህ መልሴን ዛሬ በጽሑፍ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ከባለቤቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር በጉለሌ አንዲት አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት የከፈትነው በ2006 ዓ.ም. ነው። የጀመርነው በአንድ ያገለገለ ላንድክሩዘር ነበር። ወንድሜ በሌላ ድርጅት ለዓመታት በሹፌርነት ስለሠራ መንገዱን ያውቃል። እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ አብዛኛው ንባባችን በእንግሊዝኛ ስለነበር ከውጭ ሰዎች ጋር መጻጻፍ አይከብደኝም። ባለቤቴ ደግሞ ካፒታል አልነበረውም፤ የነበረው መልካም ስምና ብዙ ጸሎት ነው። የቤት ኪራይና የሦስት ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከአንድ መጋቢ ደመወዝ ጋር እንዴት እንደሚታገል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ያገለግል እንደነበር የምታስታውሱ ደግሞ በእኛ አትደነቁም።

ሥራው ምንድን ነው?

"ሳፋሪ" የሚለው ቃል በስዋሂሊ "ጉዞ" ማለት ነው፤ ሥሩም ዐረብኛ ነው። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ወይም በቦትስዋና ሳፋሪ ሲባል የሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ነብርና አውራሪስ ይሄዳል። የእኛ አገር ሀብት ግን ሌላ መልክ አለው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚገኝበት ቦታ የለም። ቀይ ቀበሮም የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ በሕይወት ያሉት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው።

የአገራችንን የቱሪዝም ሥራ መሠረት የጣሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ "የ13 ወር ጸጋ" የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ያስተዋወቁትም እርሳቸው ናቸው። በደርግ ዘመን አስጎብኚነት በመንግሥት እጅ ቆየ፤ እንደ እኛ ያሉ የግል ድርጅቶች የበዙት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ከውጭ ሲታይ ሥራው ሽርሽር ይመስላል። እውነቱ ግን አብዛኛው ድካም እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ያልቃል። አንድ የባሌ ጉዞን ብቻ ውሰዱ። ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑና መለዋወጫ ጎማው ይታያሉ፤ ነዳጅ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ሆቴሉ በስልክ ተይዞ እንደገና ይረጋገጣል፤ የፓርኩ መግቢያ፣ የአካባቢው አስጎብኚና የስካውት ክፍያ ይሰላል። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ስለሆነ፣ እንግዳው የልብ ሕመም ካለበት አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር እንጽፍለታለን። ብርድ ልብስና ሻይ በፔርሙዝ ማዘጋጀት የእኔ ድርሻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ያልያዙትን ቃል አለመግባት ነው። በክሩገር በአንድ ቀን ዝሆንም አንበሳም አይቶ የመጣ እንግዳ እዚህም ያንኑ ይጠብቃል። እኛ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ብለን እንጽፋለን፦ ባሌ የሚኬደው በእግርና በትዕግሥት ነው፤ የደጋ አጋዘን በዲንሾ አካባቢ ታያላችሁ፤ ቀይ ቀበሮን ለማየት ከሳነቴ የሚሻል ቦታ የለም፤ ይሁንና ቀበሮው የፈጣሪ እንጂ የእኛ ስላልሆነ በቀጠሮ አናመጣውም። ይህን አንብቦ ወደ ሌላ ድርጅት የሄደ ሰው አለ። የመጣው ግን ፍልፈል ከጉድጓዷ እስክትወጣ ድምፁን አጥፍቶ የሚጠብቅ አንድ ቀይ ቀበሮ ሲያይ እንደ ልጅ ይደሰታል። ይህ እንስሳ ከውሾች በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ጊዜ መጎዳቱን ስንነግራቸው ዝም ይላሉ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በቤታችን ቡና ተፈልቶ ነበር።

ሰው ትርኢት አይደለም

እኛ የጉለሌ ሰዎች ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ለብዙ ዓመታት እያየን ኖረናል። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አንዳንዶቹም በአምልኮ ከጎናችን ይቀመጣሉ። በአንድ ወቅት አንድ እንግዳ መኪናውን አስቁሞ ካሜራውን ወደ አንዲት እናት ሲያነሣ፣ እርሳቸው ወንድሜን ጠርተው "ልጄ፣ እስቲ ሸክሜን ላውርድና ያንሣኝ" አሉት። እንጨቱን አወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ይህች አንዲት ንግግር ለድርጅታችን ደንብ ሆነች።

ወደ ደቡብ ኦሞ የሚሄዱ ብዙ እንግዶች የሙርሲን እናቶች የከንፈር ሸክላ ለማየት ይፈልጋሉ። በዚያ አገር ለአንድ ፎቶ ለአንድ ሰው መክፈል የተለመደ ሆኗል። ከመኪና ወርዶ፣ ሃያ ፎቶ አንሥቶ፣ ብር በትኖ በሩብ ሰዓት መሄድም እንዲሁ። እኛ ይህን አናደርግም። በመጀመሪያ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ሽማግሌዎቹ ይጠየቃሉ፤ ከዚያ ሰላምታና ጨዋታ ይቀድማል፤ ካሜራ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ሰውየው ከፈቀደ። ሐሙስ ቀን የቀይ አፈር ገበያ ሲቆም እንግዶቻችን ከሐመርና ከበና ሴቶች ማር ወይም ቅል ይገዛሉ። ገዢና ሻጭ ሆነው ሲነጋገሩ እኩል ሰው ይሆናሉ።

በከተማችንም ጉብኝቱን ከሽሮ ሜዳ እንጀምራለን። በሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት ወንድሞች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። እንግዳው መጀመሪያ እዚህ መወርወሪያው ሲመላለስ ያያል፤ ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ዶርዜ ላይ የሸማኔውን አገር፣ የእንሰት ማሳውንና ከሩቅ የዝሆን ፊት የሚመስለውን ቤት ያያል። አንድ ሸማኔ "የአገሬን ሰው ሰላም በልልኝ" ብሎ በወንድሜ በኩል መልእክት የላከበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲያ እነዚያ እንግዶች ዶርዜ የደረሱት እንደ መልእክተኛ ነበር።

ስለ ላሊበላ የተጠየቅሁት

አንዳንድ ወገኖች "እናንተ ወንጌላውያን ሆናችሁ ሰውን ወደ ላሊበላ እንዴት ትወስዳላችሁ?" ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄውን አልንቅም። መልሴ ግን አጭር ነው፦ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያ ቦታዎች መካከል የሆኑት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የአገራችን ታሪክ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም አሉ። እኛ በእነርሱ ቤት አንሰብክም፣ አንከራከርምም። የአካባቢውን ፈቃድ ያለው አስጎብኚ እንቀጥራለን፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የሚናገረው የቤቱ ልጅ ነው። እንግዶቻችን ጫማ እንዲያወልቁ፣ ልብሳቸውም የሚገባ እንዲሆን አስቀድመን እንነግራቸዋለን። የሰውን ቤት አክብሮ መግባት እምነትን መተው አይደለም።

ክፉው ዘመን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር በእጃችን ሦስት ቡድኖች ነበሩ፤ ሁሉም ቅድሚያ ክፍያ ልከዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉም ጉዞ ተሰረዘ። ከገንዘቡ ከፊሉን ለሆቴሎች አስቀድመን ስለከፈልን ወዲያው የሚመለስ አልነበረም። ሁለቱ ቡድኖች "ጊዜው ሲሻል እንመጣለን፣ ያዙት" አሉን። ሦስተኛዎቹ ጡረተኞች ነበሩ፤ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። መብታቸው ነው።

ያን ጊዜ በቤታችን ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረም። ሹፌራችን ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያለችን ገንዘብ ወይ ለእንግዶቹ ወይ ለእርሱ ደመወዝ እንጂ ለሁለቱም አትበቃም። አንድ ወዳጃችን "እነርሱ ሀብታሞች ናቸው፣ አይጎዱም፤ ደግሞስ ከየት አገር መጥተው ይከስሷችኋል?" አለን። ባለቤቴ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ "እሑድ ምን ብዬ ልስበክ?" አለ። በዕቁብና በቁጠባ ብድር የገዛናትን ሚኒባስ ሸጥናት። ብድሩን ዘጋን፣ የጡረተኞቹን ገንዘብ መለስን፣ ለሹፌራችንም እስከ መስከረም ድረስ ግማሽ ደመወዝ ከፈልነው።

ከዚያ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ላንድክሩዘሯን ለእርዳታ ድርጅቶች እያከራየን ኖርን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደዚያ በመኪና የሚደረግ ጉዞ አንቀበልም አልን። የሚከፍል እንግዳ መመለስ ያማል፤ ነገር ግን የሹፌራችን ልጅ አባቷን በር ላይ እየጠበቀች የምታድር ልጅ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ተሰቀለና ሒሳባችንን ሁሉ ከእንደገና ሠራን።

ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ቃሉን ጠብቆ በ2015 ዓ.ም. መጣ። ገንዘባቸውን የመለስንላቸው ጡረተኞች ግን እስከ ዛሬ አልመጡም፤ ወዳጅም አልላኩልንም። ይህን ሆን ብዬ እጽፋለሁ። "ታማኝ ሁን፣ እጥፍ ይመለስልሃል" የሚል ስብከት በየቦታው ይሰማልና። እኛ ሚኒባሷ አልተመለሰችልንም። የተመለሰልን እንቅልፋችን ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ

ይህን ሥራ ወይም ሌላ የእንግዳ መቀበል ሥራ ለመጀመር ለምትፈልጉ እህቶችና ወንድሞች ጥቂት ነጥቦች ልጠቁም።

1. የወቅት ሥራ መሆኑን አትርሱ። የእኛ ገቢ የሚበዛው ከመስከረም እስከ ጥር፣ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው። ክረምት ባዶ ነው። ዮሴፍ በግብፅ እህሉን በጥጋብ ዓመት እንዳከማቸ፣ የአምስት ወሩን ገቢ ለ12 ወር ማካፈል ግድ ነው።

2. የእንግዳውን ቅድሚያ ክፍያ በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ። አገልግሎቱን እስክትሰጡ ድረስ ገንዘቡ የእናንተ አይደለም።

3. ሹፌራችሁን አክብሩ። እንግዳው ቢሮአችሁን አያይም፤ አሥር ቀን የሚያየው ሹፌሩን ነው። አበሉ በወቅቱ ይሰጠው፤ እንቅልፉም አይጓደል። ጉርሻው የእርሱ ነው፣ አትካፈሉት።

4. የአምልኮና የቤተሰብ ቀናችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ። እንግዳ እሑድ ጠዋት ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ እኔና ወንድሜ ተራ እንገባለን። ባልና ሚስት ግን ስለ ሥራ የማይነጋገሩበት አንድ ምሽት በሳምንት ያስፈልጋቸዋል። የእኛ ሰኞ ነው፤ ስልኬም መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

5. የመንገዱን ደኅንነት በዚያው አካባቢ ያለውን ሰው በስልክ ጠይቁ። አጠራጣሪ ከሆነ "አንሄድም" በሉ። እንግዳው ይቆጣ ይሆናል፤ ቁጣ ያልፋል።

የተወደዳችሁ፣ ዛሬም ያለን አንድ ላንድክሩዘር ነው፤ ሁለተኛ መኪና ለመግዛት እንደገና ዕቁብ ጀምረናል። ትልቅ ድርጅት አልሆንንም። ልጆቻችን ግን ተምረዋል፣ ሹፌራችንም ከእኛ ጋር ነው፣ ባለቤቴም እሑድ ሳይሸማቀቅ ይሰብካል። በደጃችሁ የሚቆመው እንግዳ የሚከፍልም ይሁን የማይከፍል፣ በክብር የምትቀበሉበት ጸጋ ይብዛላችሁ። ጌታ ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።