ብረት የሚጠነክረው በምንድን ነው?

የገበሬ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው ማረሻ ሲዶለዱም የሚወሰደው ወደ ቀጥቃጭ ቤት ነው። ስሎና ጠንክሮ ይመለሳል። ታዲያ ማታ እሳት ዳር ያንኑ ቀጥቃጭ «ቡዳ» ሲሉት ይሰማል። ብረቱን ያጠነከረው አንዳች ሥውር ኃይል ነው ይባላል። እኔም ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

እስቲ ነገሩን በሳይንስ እንመርምረው። ብረት ድፍን ይምሰል እንጂ የተሠራው እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ቅንጣቶች ነው፤ በውስጡም ክፍተት ሊኖር ይችላል። ከሰሉ በወናፍ ተናፍቶ ብረቱ ብርቱካንማ ሲሆን፣ ይኸውም 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ መስፍ ላይ ሲቀጠቀጥ ክፍተቱ ይደፈናል፤ ትልልቁም ቅንጣት በትንንሽ ይተካል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ማረሻ ደግሞ እንደ ጋለ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠጥራል፤ እንደ ሸክላ እንዳይሰበር ግን ጥቂት መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። ቀጥቃጩ ይህን ሁሉ የሚለካው ያለ ቴርሞሜትር፣ የብረቱን ቀለም በዓይኑ አይቶ ነው።

ትልቁ ፋብሪካስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? የከባድ መኪና ቢዬላ የሚሠራው የጋለ ብረት በከባድ መጭመቂያ ተጨፍልቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ በባቴል የምርምር ተቋም የተጀመረው ዘዴ ደግሞ መዶሻውን በጋዝ ተካው። ዕቃው ግድግዳው ወፍራም በሆነ ጋን ውስጥ ይዘጋና፣ ከአየር ግፊት 1000 እጥፍ ገደማ የሆነ አርጎን ጋዝ፣ ከ1000 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት፣ ከየአቅጣጫው ይጨምቀዋል። በውስጡ የተሸሸገው ቀዳዳ ይደፈናል። የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች በዚህ ዘዴ ይጠናከራሉ። መሠረቱ ያው ሙቀትና ግፊት ነው።

ታዲያ የዚያኛውን ባለሙያ «ኢንጂነር» ብለን ስናከብር የእኛን ስለ ምን እንሰድባለን? አንደኛ ደረጃ ስማር የቀጥቃጭ ልጅ ብቻውን ዴስክ ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ። አስተማሪውም አይቶ ዝም አለ።

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ዐዋጅ ያልጨረሰውን የመጨረስ ኃላፊነት የመምህር ነው። ስለዚህ በየተመደብንበት ስለ ሙቀትና ግፊት ስናስተምር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ፤ ተማሪዎቻችንን ይዘን ቀጥቃጩን እናስፈቅድና ሥራውን እናሳያቸው። ወናፉን፣ መስፉንና መዶሻውን በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ብረት በምን እንደሚጠነክር ሲጠየቅ መልሱ ሥውር ኃይል አይሆንም።