አዎ ወይስ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት ያሰናዳው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድንጋጤ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ ድካም ይጠይቃል። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። የሚጠየቀው ስላለፉት 30 ቀናት ብቻ ነው። በመጀመሪያ የተሞከረው በኮሎምቢያ፣ በሕንድ፣ በሱዳንና በፊሊፒንስ ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። በኢትዮጵያም የሰውን ጭንቀት ለመለካት የሚወጡ ብዙ አጥኚዎች፣ ተማሪም ሆኑ ፕሮፌሰር፣ ይዘውት ይሄዳሉ።

*

ጥቅምት ነው። ጃቢ ጠህናን፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ። ጠያቂው ወጣት መደብ ላይ ተቀምጧል። ታብሌቱን አቧራ እንዳይገባው በፌስታል ጠቅልሎታል። የቤቱ እመቤት የደረቀ በርበሬ ከፊታቸው ዘርግተው ይቀነጥሳሉ። ጣታቸው አያርፍም።

«እናቴ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ተመስገን።»

«እምቢ ይልዎታል ወይ?»

«በቆሎው ሳይገባ ማን ይተኛል ልጄ? ከርከሮው አለ፤ ጃርቱ አለ።»

ወጣቱ «አዎ» የሚለውን ነካ።

«የምግብ ፍላጎትዎስ?»

«ጽጌን እየጾምኩ ነው።»

ለጽጌ ጾም የተዘጋጀ ቦታ የለም። ትንሽ አሰበና «አይደለም» ብሎ አለፈ።

«ያዝናሉ? ይከፋዎታል?»

«ምን ጎደለብኝ፤ እግዜር ይመስገን።»

መጠይቁ አለቀ። ታብሌቱ ወደ ፌስታሉ ተመለሰ። ቡና ቀረበ። ቶናው ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ትልቁ ልጃቸው ጀመሩ። ከቤት ከወጣ ዓመት አልፎታል። የት እንዳለ አያውቁም። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ እሱ የመጣ እየመሰላቸው ተነሥተው በር ይከፍታሉ። ይህን ሲናገሩ በርበሬ መቀንጠሳቸውን አቁመው ነበር።

ወጣቱ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ታብሌቱን ግን መልሶ አልከፈተውም።

*

10ኛው ጥያቄ፦ ከወትሮው የበለጠ ታለቅሻለሽ?

በዚህ አገር ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው። የቀረ ሰው በዕድሩ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ የሚብሰው ግን ሐሜቱ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ለቅሶ የምትደርስበት ጊዜ አለ። አልቃሿ ስታወርድ ሟቹን የማታውቀውም ታነባለች፤ የራሷ ሙት ትዝ ብሏት ነው። ቤቷ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ሊጥ ታቦካለች። አንዷ «ከወትሮው የበለጠ?» ስትባል ጠያቂውን መልሳ «ወትሮ ስንት ነው?» አለችው።

*

ወንዶቹም ያለቅሳሉ። አንድ ጎልማሳ ጋቢውን ተከናንቦ ሲንሰቀሰቅ፣ ጎረቤቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘውት ነበር። በሳምንቱ 10ኛው ጥያቄ ለእሱም ደረሰው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አለ። ደግፈው የያዙት ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠው ራሳቸውን በመነቅነቅ መሰከሩለት።

*

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ፣ ሰው ከሞተበት ሁለት ወር ያልሞላውን ሐዘንተኛ በድብርት ሕመም ለመመዝገብ እንዳይቸኮል የሚያግድ አንቀጽ ነበረው። በ2013 አንቀጹ ወጣ። በ2022 ደግሞ 12 ወር አልፎት ያልበረደ ብርቱ ሐዘን ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ ገባ።

እዚህ ሣልስት አለ፤ አርባ አለ፤ ሰማንያ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛዋ ጥቁሯን የምታወልቀው ዘመድ ተሰብስቦ ሲያስወልቃት ነው። ስንት ወር እንደለበሰች ብትጠየቅ ልትረሳ ትችላለች። ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ግን ከዓመታት በኋላም በስም በስሙ ትነግራችኋለች።

*

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት የወለዱና ሊወልዱ የተቃረቡ እናቶችን ጭንቀት ለመለየት ሁለት መጠይቆችን ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ሞከረ። አንደኛው የኤድንብራ መጠይቅ የሚባለው ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «መሳቅና የነገሮችን አስቂኝ ጎን ማየት ችለሻል ወይ?» ይላል። ቡታጅራ ላይ የተጨነቀችውን ካልተጨነቀችው በደንብ መለየት አልቻለም። ሁለተኛው፣ ባለ 20 ጥያቄው፣ ተሻለ። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ግን ያው የኤድንብራ መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ በሚገባ ሠራ።

ከአዲስ አበባ እስከ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ይርቃል።

ቡሬ አካባቢ አንዲት አራስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠየቅ አማቷ አጠገቧ ገንፎ ያገነፉ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አስቀድመው የሚመልሱት አማቷ ነበሩ።

*

«ምነው ሞቴን ባቀረበው።» ቡሬ ገበያ ውስጥ ይህን ለመስማት ብዙ መቆም አያስፈልግም። የማዳበሪያ ዋጋ ሲነሳ ይባላል። ብድር ሲነሳ ይባላል። የልጅ ጠባይ ሲነሳ ይባላል።

17ኛው ጥያቄ ራስን ስለማጥፋት ነው። ገበያ ላይ ሞቱን ሲጠራ የነበረው ያው ሰው ይህን ሲጠየቅ ያማትባል። «ስሙን አትጥራብኝ» ይላል። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል። ያሰበም ቢሆን እቤቱ ለመጣ እንግዳ አይናገርም። ጠያቂው «አይደለም» ነክቶ ወደ 18ኛው ይሄዳል። ይህችን ጥያቄ በችኮላ የሚያልፍ ጠያቂ ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

*

ዓረብ አገር ያለች ልጅ ትደውላለች። እናትየው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታለች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እናንተስ?»

«እኛማ ምን እንሆናለን።»

ባለፈው ሳምንት በሬ ሞቶባቸዋል። አልተነገራትም። እሷም ደመወዟ ከተከፈላት ወራት እንዳለፉት የተናገረችው ለአክስቷ ልጅ ብቻ ነው። ስልኩ ሲዘጋ እናትየው እዚያው ጉብታው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስትወርድ ለባሏ «ደህና ናት» አለችው።

*

ጋለፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ140 በሚበልጡ አገሮች ስለ ትናንት ቀን ይጠይቃል። ትናንት ብዙ ስቀሃል? ተጨንቀሃል? ተናደሃል? ቀኑን ሙሉ በአክብሮት ተስተናግደሃል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ይዤ አንድ የመንግሥት ቢሮ በር ላይ ቆሜ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከወጣቱ ሠራተኛ አባት የሚበልጡ ገበሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ወጣቱ «አንተ፣ ውጭ ጠብቅ» አላቸው። በማግስቱ ያው ወጣት ለቅሶ ቤት ውስጥ ለእኒያው ሽማግሌ ከወንበሩ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ «ይቀመጡ አባቴ» አላቸው። ሽማግሌው በሁለቱም ቀን መርቀውታል።

*

ስለ ሰው ስሜት ብዙ ተጽፏል። የማን ስሜት ነው? አንድ አሜሪካዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሩን ታላላቅ የሥነ ልቦና መጽሔቶች መረመረ። ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶ የሚሆኑት በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ የምዕራብ አገሮች የመጡ ነበሩ። እነዚያ አገሮች የያዙት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ነው።

*

ይትመን፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ እነማይ ወረዳ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በባንግላዲሽ፣ በፔሩና በታይላንድ ስለ ደህና ኑሮ ሰዎችን ጠየቀ። ከኢትዮጵያ ከተመረጡት መንደሮች አንዷ ይትመን ነበረች። ቀድሞም በ1990ዎቹ ተጠንታ ነበር፤ ኋላም አጥኚዎች ተመልሰዋል። እኔ የማከብረው እንዲህ ተመልሶ የሚመጣውን ነው።

*

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ የአየር ጥቃት ደረሰ። 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለውጭ የዜና ወኪሎች ተናገሩ።

4ኛው ጥያቄ፦ በቀላሉ ትደነግጣለህ?

የከተማዋ ልጆች ሞተር ብስክሌት ሲያጓራ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ። ያ ቀን ከመጠይቁ 30 ቀናት ውስጥ ከወጣ ቆይቷል።

*

አንድ አርሶ አደር ጤና ጣቢያ ተራ ይዟል። «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ካርድ አወጣ፤ ተመረመረ፤ መድኃኒት ተጻፈለት። ሲወጣ አግዳሚው ላይ ጎኔ ተቀመጠ። ጨጓራው የሚነሣው የብድር መክፈያው ሲቃረብ እንደሆነ አጫወተኝ። ሌሊት እየተነሣ በጎተራው የቀረውን እህል በዓይኑ ይሰፍራል። ለሚስቱ አልነገራትም። ለሐኪሙም አልነገረም። «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው «እሱ የጠየቀኝ የት ጋ እንደሚያቃጥለኝ ነው» አለኝ።

ከ20ዎቹ ጥያቄዎች ሁለቱ ስለ ሆድ ናቸው፤ አንዱ ስለ ምግብ አለመፈጨት፣ ሌላው ሆድ ውስጥ ስለሚሰማ የማይመች ስሜት።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደንበጫ፣ በሽንዲ ጤና ጣቢያዎች የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦ ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ እጃችሁም ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ። ጨጓራዬ ብሎ የመጣውን ሰው፣ የት ጋ እንደሚያቃጥለው ከጠየቃችሁት በኋላ፣ መድኃኒቱን ከመጻፋችሁ በፊት «መቼ መቼ ነው የሚነሣብህ?» በሉት። ሲመልስላችሁም እስክሪብቶውን አስቀምጡና ስሙት።