ሕፃኑ ጡት ይዞ የሚያለቅሰው እንጥሉ ወርዶ ነው ወይስ ቃር?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «ልጄ ትንሽ ጠብቶ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ያለቅሳል፣ ያቀረሻል፣ እንጥሉ ወርዶ ይሆን?» የሚል ነው። ዛሬ በራሴ ቤተሰብ የሆነውን ላካፍላችሁ።

የእህቴ ልጅ እስከ 3 ወሩ ጎበዝ ጠቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጡት ይዞ ሁለት ሦስቴ ይስብና ጀርባውን ለጥጦ ይጮኻል። በ5 ወሩ ገና ጡት ሲያይ ፊቱን ማዞር ጀመረ፤ የሚጠባው እንቅልፍ ሲጫጫነው ብቻ ሆነ። አንድ ወር ሙሉ ኪሎው ንቅንቅ አላለም።

እናቴ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» አለች። «እማዬ፣ ይሄ አይሆንም» ስላት «አንተስ ተቆርጦልህ አይደል ለዚህ የበቃኸው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እውነቷን ነው፣ የእኔም እንጥል በልጅነቴ ተቆርጧል።

እናቴ አንድ ነገር በትክክል አይታለች፦ ልጁ ሲውጥ ያመዋል። የሳተችው የሕመሙን ምክንያት ነው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ በር የሚያገለግል ጡንቻ አለ። በሕፃናት ላይ ይህ በር ቶሎ ቶሎ ስለሚላላ ወተቱ ከጨጓራ አሲድ ጋር ወደ ላይ ይመለሳል። ማቅረሻቱ በ4 ወር አካባቢ ይበረታል፣ አብዛኞቹም አንድ ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። እየሳቀ የሚያቀረሽና ኪሎው የሚጨምር ልጅ መድኃኒት ሳይሆን ፎጣ ነው የሚያስፈልገው። ችግር የሚሆነው አሲዱ ቧንቧውን ሲያቃጥለውና ልጁ መመገብን ከሕመም ጋር ሲያያይዘው ነው።

እንጥል የተቆረጠላቸው ልጆች ከጊዜ በኋላ ሲሻላቸው ምስጋናውን የሚወስደው ምላጩ ነው፤ ያሻላቸው ግን ዕድሜያቸው ነው። ምላጩ የሚያተርፍላቸው የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና መንጋጋ ቆልፍን የመሰለ አደጋ ነው። አፉ ውስጥ የቆሰለ ልጅ ደግሞ መመገቡን ይብስ ይጠላል። «ግግ» እያሉ ድድ መውጋትም እንዲሁ ነው።

ልጁን የሕፃናት ሐኪም አየውና ለተወሰኑ ሳምንታት መድኃኒት አዘዘለት። ጩኸቱ ቀነሰ። ጡት መፍራቱ ግን ወዲያው አልለቀቀውም። ወላጆች እንዲህ ሲሆን ግራ ይጋባሉ፦ ሕመሙ ቢቆምም ልጁ ያስታውሰዋል። በዚህ ጊዜ እጁን ይዞ በግድ ማጠጣት ፍርሃቱን ያጸናዋል።

እህቴ ያደረገችው ይህን ነው። ሳይራብ ብዙም ሳይጠግብ፣ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ አጠባችው። ፊቱን ሲያዞር አቆመች። በየመሃሉ አስገሳችው፣ ከጠባ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና አድርጋ ያዘችው። ስታስተኛው ግን በጀርባው፣ ያለ ትራስ፣ ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ ነበር፤ የሚያቀረሽ ልጅም የሚተኛው እንዲሁ ነው። 6 ወር ሲሞላው ገንፎውን በእጁ እንዲነካና እንዲያቦካ ተወችው። ማንኪያውን ወደ አፉ ከመጨመር ይልቅ እሱ አፉን እስኪከፍት ጠበቀች። ቤቱ ተበላሽቷል፣ እናቴም «ምግብ እኮ መጫወቻ አይደለም» ብላ ተቆጥታለች። በ8 ወሩ ግን ማንኪያ ሲያይ ራሱ አፉን ይከፍት ጀመር፤ ኪሎውም ተነሣ።

ማሳሰቢያ! ከዚህ በታች ካሉት አንዱን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፦

✅ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት
✅ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በጠባ ቁጥር በኃይል እየተስፈነጠረ የሚወጣ ትውከት ካለ
✅ ትኩሳት፣ መፍዘዝ፣ የሆድ መነፋት ወይም የእርግብግቢት ማበጥ ካለ
✅ ሲመገብ ትን እያለው ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ
✅ ኪሎው ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ
✅ ማስመለሱ ከ6 ወር በኋላ ከጀመረ ወይም ከ1 ዓመት በኋላም ከቀጠለ

የአሲድ መድኃኒት ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። አንዳንዴ ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጣው የላም ወተት አለርጂ ስለሚሆን መለየት ያለበት ሐኪም ነው።

አያቶችን አትቆጡ፤ የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ይልቅ ወደ ሐኪም ስትሄዱ አብረዋችሁ ይምጡ። እናቴ መጥታ ነበር፤ ከሁላችንም በላይ የጠየቀችው እሷ ናት።

ለሌሎች ወላጆች እንዲደርስ ያጋሩ። ልጆቻችሁ በጤና ይደጉላችሁ!