ያልተለቀሰ ለቅሶ

ሮክ የብቸኛ ሰው ሙዚቃ አይመስለኝም፤ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋ፣ አንድ አየር የሚተነፍስ ሕዝብ ይሻል። በ2012 ዓ.ም. ግን አንድ አየር መተንፈስ ራሱ አስጊ ሆነ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ደንቡም መጨባበጥንና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። የአገራችንን ዜማ ከሮክ ያዋሐደው ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ድምፃውያኑ ብቻ አራት ነበሩ። ጊታሩና ከበሮው ታዲያ የት ይቁሙ?

አዳማ ለጭምብል ባዳ አልነበረችም። ነፋሷ አቧራ ሲያስነሳ አፍንጫን በነጠላ ጫፍ መሸፈን የቆየ ልማድ ነው። በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጠውን ጀሪካንና ሳሙናም ቶሎ ለመድነው። የከበደን ለቅሶው ነበር። ሐዘንተኛን በሩቁ እጅ ነስቶ መመለስ!

ያን ሰሞን ማታ ማታ በጆሮ ማዳመጫ «ኤርታሌ»ን እሰማ ነበር። ለአልበሙ ስሙን ያዋሰው እሳተ ገሞራ የሚንቀለቀለው እኛም በምንኖርበት ስምጥ ሸለቆ፣ በስተሰሜን በአፋር ምድር ነው። ጊታሩ ሲያጓራ፣ ከደረታችን ያልወጣው ጩኸት በሌላ ጉሮሮ የወጣ ይመስለኛል። ማዳመጫውን ሳወልቅ ግን ቤቱ ያው ጸጥታ ነው። ለካስ የሮክ መድረክና የለቅሶ ድንኳን ሥራቸው አንድ ኖሯል፤ የአንዱን ጩኸት ለብዙዎች ማካፈል።

ጥንቃቄውን አልነቅፍም፤ ነፍስ አትርፏል። ጭምብሉም ከፊታችን ከወረደ ቆየ። በጊዜው ያልተለቀሰው ለቅሶ ግን ዛሬም ዕዳ ነው። ያኔ ሳይደርሱት የቀሩት ሐዘንተኛ ካለ፣ ዘግይተውም ቢሆን ይሂዱለት።