ካሜራው የት ይሰቀል?

ባለፈው ክረምት እናቴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስታ ወጣች። የማርያም ደወል ተደወለ ብላ ነው። አልተደወለም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በባዶ እግሯ፣ በጭቃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስታመራ ያገኛት ውሻው ሲጮኽ የወጣው ጎረቤታችን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው በሽተኛ ሌሊት ስጠብቅ የኖርኩ ነርስ፣ የገዛ እናቴ ከጎኔ ተነስታ ስትሄድ አልሰማሁም።

አዲስ አበባ ያለው ልጄ ይህን ሲሰማ ካሜራ ካልሰቀልኩ አለ። ሥራውም እሱው ነው፤ ለመጋዘንና ለሕንፃ የደህንነት ካሜራ ይገጥማል። ለመስቀል ደብረ ወርቅ ሲመጣ ግን ካሜራ ሳይሆን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። እኔ ነገሩ ምስማር መትቶ ማንጠልጠል ይመስለኝ ነበር።

ግቢያችንን በሜትር ለክቶ፣ ቤቱን፣ ማድ ቤቱን፣ ባሕር ዛፉን ሳይቀር ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ፕሮግራሙ ላይ ሣለው። ካሜራ ብሎ አንድ ነጥብ ሲያስቀምጥ እንደ ባትሪ መብራት የተዘረጋ ቀለም ይወጣል፤ ግድግዳ ሲያገኝ ይቆረጣል። የማይታየው ቦታ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሌንስ ሲቀይር ቀለሙም ይለወጣል። 2.8 ሚሊ ሜትሩ ሰፋ አድርጎ ያያል፣ የሩቁን ፊት ግን አይለይም፤ 6 ሚሊ ሜትሩ ጠበብ አድርጎ ያቀርባል።

የገረመኝ ቁጥሩ ነው። በአውሮፓው የካሜራ ደረጃ የቀድሞ እትም መሠረት፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ በ1 ሜትር ላይ ፒክስል የሚሉት ነጥብ 25 ይበቃል። የሚያውቁትን ሰው ለመለየት 125፣ የማያውቁትን ማንነት ለማረጋገጥ 250 ያስፈልጋል። ስለዚህ ምስሉ 1920 ነጥብ ወርድ ያለው ካሜራ የባዳን ፊት አጥርቶ የሚያሳየው ከ8 ሜትር ባነሰ ወርድ ውስጥ ነው። አንድ ካሜራ ገዝተው ግቢው ሁሉ ተጠበቀ የሚሉ ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ አንዱን ነጥብ እናቴ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋዋ ትይዩ አስቀመጠው። አልጋዋ ቀለም ለበሰ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እምዬ ስትነሳ ስልክሽ ላይ ይጮኻል። እኛም አዲስ አበባ ሆነን እናያታለን።»

«እዚያ ክፍል የማደርገውን ታውቃለህ? ገላዋን አጥባታለሁ። ዳይፐር እቀይርላታለሁ።»

ዝም አለ። ከዚያ «ያን ጊዜ እናጠፋዋለን» አለ።

«መጥፋቱን እሷ በምን ታውቃለች?»

ነርስነት ስንማር በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ስለሚጠራው የሕሙማን ክፍል ተነግሮናል፤ ረጅም አዳራሽ ነው፣ አልጋዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ነርሷ ከአንድ ቦታ ሁሉንም ታያለች። እኔም እንዲህ ባለ ክፍል ሠርቻለሁ። ግን በሽተኛ ሲታጠብ መጋረጃ እንስብ ነበር። መጋረጃ ሳትስብ የሰው ልብስ ያወለቀች ተማሪ በአለቃችን ፊት የምትሰማውን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አንዷ እኔ ነበርኩ።

ሌላም ነበር። የግቢው በር ላይ ያኖረው ነጥብ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቴን ሽንት ቤት በር ይነካል። ፕሮግራሙ የማይሣልለትን ነገር አያውቅም፤ እዚያ ባዶ ሜዳ መስሎታል። ያቺን ሌሊት እናቴን የመለሰልን ሰው ነው እንግዲህ።

«ልጄ፣ እኔ ፊቷን ማየት አልፈልግም። ደጁን መሻገሯን ብቻ ልወቅ» አልኩት።

«ለዚያማ 25 ይበቃል» አለና ነጥቡን ከክፍሏ አውጥቶ በረንዳው ላይ አደረገው፤ ወደ በሩ ዝቅ አድርጎም አዞረው። የእናቴ ክፍል ቀይ ሆኖ ቀረ። ለሥራው ቀይ ማለት ጉድለት ስለሆነ ዓይኑ አሁንም አሁንም ወደዚያ ይሄድ ነበር።

«መብራት ሲሄድስ?» አልኩት። ለዚያ ባትሪ ገዛ።

እኔ ደግሞ ከገበያ የበግ ቃጭል ገዝቼ ክፍሏ በር ላይ አሰርኩ። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ቃጭሉ ቀሰቀሰኝ። በረንዳው ሳትደርስ እጇን ያዝኳት፤ ስልኩ አልጮኸም።